ላይቩ ካለቀ በኋላ፦ የሐረርና የድሬዳዋ ባህል በበይነ መረብ

ከረመዳን በኋላ በሸዋል ወር በሐረር በሚከበረው የሹዋሊድ በዓል ምሽት አው አክበራ ወደተባለው ዐዋች (የተቀደሰ የመቃብር ስፍራ) የሚያቀና ሰው ከሩቅ የሚሰማው ከበሮውን ነው፤ ሲቀርብ ደግሞ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብለው የሚያበሩትን ስልኮች ያያል። አንዱ ቶሮንቶ ላለች እህቱ፣ ሌላው ጅዳ ላለ አጎቱ፣ ሌላዋ ደግሞ አራስ ሆና ከቤት መውጣት ላልቻለች ጓደኛዋ በቀጥታ ታስተላልፋለች። ዚክሪውን፣ ማለትም የምስጋና ዜማውን፣ ሁሉም በአፋቸው ይቀበላሉ፤ ስልክ የያዘ እጅ ግን አያጨበጭብምና ስልክ በበዛበት ጥግ ጭብጨባው ሳሳ ይላል። ይህን የምጽፈው ወጣቶቹን ለመውቀስ አይደለም። ከከተማው የራቀ ቤተሰብ በዓሉን በሰዓቱ ማየት መቻሉ ከአንድ ትውልድ በፊት የማይታሰብ በረከት ነበር። የሚያሳስበኝ በማግስቱ የሚሆነው ነው፤ ስልኮቹ ከተዘጉና ስርጭቱ ካለቀ በኋላ ከዚያ ሌሊት ምን ተረፈ፣ በማን እጅ ነው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚፈልገው ልጅስ በምን ስም ፈልጎ ያገኘዋል?

ጥያቄው ለሐረር አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥም መጻፍ ትቶ በቡና ንግድ ወደዚህች ከተማ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 ነበር። ከሊዮን ያስመጣው የፎቶ መሣሪያ ደርሶት በ1883 በሐረር ፎቶግራፎችን አነሣ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ላይ የራሱን ምስሎች ለቤተሰቡ ሲልክ ለማጠቢያ የተጠቀመበት ውሃ መጥፎ በመሆኑ ፎቶዎቹ እንደ ነጡበት በደብዳቤው ገልጿል። ከቀሩት ጥቂት ምስሎች አንዱ የቡና መጫኛ የቆዳ ከረጢት የሚሠራ ሰው፣ ሥራዎቹ ዙሪያውን ተደርድረው፣ ተቀምጦ የተነሣው ነው። የሰውየው ሙያ በፈረንሳይኛ ተመዝግቧል፣ ከተማውም ተመዝግቧል፣ ዓመተ ምሕረቱም ይታወቃል። ስሙ ግን የለም። ፎቶ አንሺውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ የተነሣው የሐረር ባለሙያ ከ140 ዓመት በኋላም «ከረጢት ሠሪ» ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ዛሬ በየስልኩ የምናደርገው ነገር ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። እንዲያውም በአንድ በኩል የራምቦ ፎቶ ይሻላል፤ ነጥቶም ቢሆን ቆይቷልና። ብዙ ሰው ባህላዊ ዝግጅትን በፌስቡክ ላይቭ ካስተላለፈ በኋላ ቪዲዮው በገጹ ላይ ለዘለዓለም የተቀመጠ ይመስለዋል። ኩባንያው ግን ከየካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዳዲስ የቀጥታ ስርጭቶች በገጹ ላይ የሚቆዩት ለ30 ቀን ብቻ እንዲሆን፣ ከዚያ በኋላም በራሳቸው እንዲጠፉ ወስኗል። ባለቤቱ አስቀድሞ ካላወረደው በቀር በሸዋል ወር የተላለፈ ዚክሪ ሁለተኛ ወሩን አያይም ማለት ነው። የሌሎቹ መድረኮች ደንብ ይለያይ ይሆናል፤ ማንኛቸውም ቢሆኑ ግን የሐረርን ቅርስ የመጠበቅ ግዴታ ያለባቸው ቤተ መዛግብት አይደሉም። የማስታወቂያ ድርጅቶች ናቸው፤ የሚያዋጣቸውን ያቆያሉ፣ የማያዋጣቸውን ይጥላሉ።

በመሆኑም ሁለት ሥራዎችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ዝግጅትን በበይነ መረብ ማሰራጨት አንድ ሥራ ነው፤ ለነገ ማቆየት ደግሞ ሌላ ነው። በሁለቱ ከተሞች የምናያቸው አብዛኞቹ ጥረቶች በመጀመሪያው ላይ ያቆማሉ። የካሜራ ባለሙያ ይቀጠራል፣ ባነር ይሰቀላል፣ የተመልካች ቁጥር ይቆጠራል፣ ሪፖርት ይጻፋል፤ የተቀረጸው ፋይል ደግሞ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ቀርቶ ላፕቶፑ ሲበላሽ አብሮ ይበላሻል። እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የባህል ዝግጅት ላይ የተቀረጸ የአዛውንቶች ቃለ ምልልስ ለማየት ፈልጌ አዘጋጆቹን ብጠይቅ ሃርድ ዲስኩ «ከቀድሞው ባለሙያ ጋር ሄዷል» የሚል መልስ ነው ያገኘሁት። ከተቀረጹት አዛውንቶች አንደኛው በዚያ መሀል አርፈው ነበር።

ሹዋሊድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ቦትስዋና ውስጥ ካሳኔ ላይ በተደረገው የዩኔስኮ ጉባኤ በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ከመስቀል፣ ከፍቼ ጨምበላላ፣ ከገዳ ሥርዓትና ከጥምቀት ቀጥሎ አምስተኛው የኢትዮጵያ ቅርስ ሆኗል። በዓሉ ከረመዳን በኋላ በሸዋል ወር የሚጾሙት ስድስት ቀናት ሲያበቁ በአው ሹሉም አሕመድና በአው አክበራ ዐዋቾች የሚከበር ነው። መዝገቡ የተቋቋመበት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው ስምምነት አገሮች ስለ ቅርሶቹ ሁኔታ በየጊዜው ሪፖርት እንዲያቀርቡ፣ በጥበቃውም ማኅበረሰቡን በሰፊው እንዲያሳትፉ ያስገድዳል። አንድ ቅርስ እንዲመዘገብ ሲቀርብም የባለቤቱ ማኅበረሰብ በነጻነት፣ አስቀድሞና አውቆ የሰጠው ፈቃድ መኖር አለበት። እኔን የሚገርመኝ ይህ ፈቃድ አንድ ጊዜ ለምዝገባው ከተጠየቀ በኋላ በየዓመቱ ለሚደረገው ቀረጻ የሚጠይቀው ሰው መጥፋቱ ነው።

ስለ ዚክሪው ድምፅ ትንሽ ሰፋ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በበይነ መረብ የሚደረግ ዝግጅት የት ላይ እንደሚሰበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። የሐረር ዚክሪ በመሪና በተቀባይ የቆመ ነው። መሪው ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ ከበሮውና ከበል የሚባሉት የእንጨት መምቻዎች ምቱን ይይዛሉ፣ ጭብጨባው ይሞላዋል፣ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድም ፍጥነቱ አብሮ ይጨምራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሁሉም ሰው አንዱ የሌላውን ድምፅ በዚያችው ቅጽበት ስለሚሰማ ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚተላለፍ ቀጥታ ስርጭት ግን ተመልካቹ ጋ የሚደርሰው ከጥቂት ሴኮንዶች እስከ ግማሽ ደቂቃ ዘግይቶ ነው። ቶሮንቶ ያለችው እህት ስትቀበል ሐረር ያለው መሪ ወደሚቀጥለው ስንኝ ተሻግሯል። እሷ በቤቷ ብቻዋን ትቀበላለች፤ የእሷ ድምፅ ወደ ዐዋቹ አይመለስም። ስለዚህ የምታየው ዚክሪ እውነተኛ ቢሆንም እሷ በውስጡ የለችበትም።

አንዳንዶች በዙም ሁለቱን ወገን ለማገናኘት ሞክረዋል። እዚያ ደግሞ ሌላ እንቅፋት ይገጥማል። የስብሰባ መተግበሪያዎች የተሠሩት ሰው በተራ ለሚናገርበት ስብሰባ ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ድምፅ ሲያሰማ አንዱን ዝቅ ያደርጉታል፤ የሰው ንግግር ያልሆነ ተደጋጋሚ ምት ሲሰሙም እንደ ረብሻ ቆጥረው ሊያጠፉት ይሞክራሉ። ከበሮ፣ ከበልና ጭብጨባ ለማሽኑ ረብሻ ናቸው። ውጤቱን የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ የመሪው ድምፅ ጎልቶ ይመጣል፣ ከበሮው እንደ ውሃ ጠብታ ቆረጥ ቆረጥ ይላል፣ የተቀባዩ ሕዝብ ድምፅ ይጠፋል። ዙም ላይ «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚባለውን ማስተካከያ ከፍቶ የረብሻ ማጥፊያውን መዝጋት ከጉዳቱ ብዙውን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ይህን የሚያውቅ አስተላላፊ ጥቂት ነው። ማሽኑ የቆረጠው ድምፅ ከተቀረጸ በኋላ በምንም መንገድ አይመለስም። የዛሬ ሃምሳ ዓመት አንድ ተመራማሪ ያን ቅጂ አግኝቶ «የሐረር ዚክሪ በአንድ ሰው የሚዜም ነበር» ብሎ ቢጽፍ የሚፈረድበት አይሆንም።

ድምፅን ማስቀደም ከወጪም አንጻር ተገቢ ነው። በሴኮንድ 1.5 ሜጋ ቢት የሚላክ መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት 675 ሜጋ ባይት ይወስዳል። በሴኮንድ 64 ኪሎ ቢት የሚላክ ድምፅ ደግሞ በሰዓት 29 ሜጋ ባይት ገደማ ብቻ ይበቃዋል፤ ልዩነቱ ከ23 እጥፍ በላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚቆይን ዚክሪ በምስል ማስተላለፍ ለላኪውም ለተቀባዩም ከባድ የዳታ ወጪ ሲሆን፣ በድምፅ ግን አንድ ተራ ፓኬጅ ይሸፍነዋል። ምስሉ ለመክፈቻው ለግማሽ ሰዓት ያህል ይተላለፍ፤ የቀረው ሌሊት በድምፅ ይቀጥል። ከዚህ ጎን ለጎን ደግሞ ከስልኩ ነጻ የሆነ አንድ ጥሩ መቅረጫ ከዚክሪ መሪው ፊት ሳይሆን ከክቡ መሀል ይቀመጥ። ለማቆያ የሚሆነው ቅጂ ይኸኛው ነው።

ድምፅ ሌላም ችግር ያቃልላል። በዐዋቹም ሆነ በቤት ውስጥ በሚደረጉ ዝግጅቶች ላይ ያሉ ብዙ ሴቶች ፊታቸው በማያውቁት ሰው ስልክ ላይ እንዲዞር አይፈልጉም። ጌይ ጋር በሚባለው ባህላዊ የሐረሪ ቤት ውስጥ፣ በቀይ አፈር በተቀባው መደብ ላይ፣ ስፌቶቹ ከግድግዳው በተደረደሩበት ክፍል የሚደረግ የሠርግ ዘፈን ለቤተሰብና ለሰፈር የታሰበ ነው። አንዲት እናት የልጃቸው ሠርግ ላይ የተቀረጹት ቪዲዮ በቲክቶክ ተሰራጭቶ ከማያውቁት ሰው ሲደርሳቸው «እኔ የዘፈንኩት ለልጄ ነው እንጂ ለገበያ አይደለም» ማለታቸውን ከልጃቸው ሰምቻለሁ። ሕጉም ቢሆን ከእርሳቸው ጋር ነው። የኮፒራይትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች መብት ይሰጣል፤ ያልተቀረጸ ክዋኔ እንዲቀረጽና እንዲሰራጭ የመፍቀድ ሥልጣን የከዋኙ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ደግሞ በዚህ ላይ ይደመራል። በተግባር ግን ለማስተላለፍ ፈቃድ የሚጠየቀው የቤቱ ባለቤት ነው፤ ባለቤት ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የስም ጉዳይ ይመጣል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም እሱ ነው። በበይነ መረብ ላይ ስም የሌለው ነገር እንደሌለ ይቆጠራል፤ ቢኖርም የሚያገኘው የለምና። የሹዋሊድን ስም ብቻ እንኳ ብንወስድ «ሹዋሊድ»፣ «ሸዋል ኢድ»፣ «ሹዋል ዒድ» ተብሎ ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል ደግሞ ሌላ ሦስት አራት ዓይነት አጻጻፍ አለው። የሐረሪ ቋንቋ፣ ጌይ ሲናን፣ በዘመናት ውስጥ በዐረብኛ ፊደል፣ በግእዝ ፊደልና በላቲን ፊደል ተጽፏል። አንድ ጌይ ፋቀር (የሐረሪ ባህላዊ ዘፈን) በአንዱ ፊደል ተሰይሞ ከተጫነ በሌላው ፊደል የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። በውጭ አገር ያደገው የሐረሪ ልጅ የሚፈልገው በላቲን ነው፤ እዚህ ያለው ወጣት በግእዝ ፊደል ይጽፋል፤ ዐዋቂው ሽማግሌ ያነበቡት በዐረብኛ ፊደል ነው። መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ትጋት ይጠይቃል፦ ለእያንዳንዱ ቅጂ ርዕሱን በሦስቱም ፊደላት መጻፍ፣ ከዚያም የመሪውን፣ የከበሮ መቺውን፣ የቦታውንና የቀኑን ስም አያይዞ ማኖር። ቀኑ በሂጅራም፣ በኢትዮጵያም፣ በአውሮፓም አቆጣጠር ቢጻፍ የተሻለ ነው፤ ሹዋሊድ በየዓመቱ ካለፈው ዓመት ቀደም እያለ የሚመጣ በዓል ስለሆነ «ሚያዝያ» ብሎ ብቻ መጻፍ ለኋለኛው ሰው ምንም አይነግረውም።

ይህን ትጋት በሐረር ያሳየ ሰው አለ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው ለዓመታት የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ አልባሳትና የድምፅ ቅጂዎች ዛሬ የራስ ተፈሪ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ በሸሪፍ ሙዚየም ይገኛሉ። እርሳቸው ዕቃ ብቻ አልሰበሰቡም፤ የጥንቱን የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ ራሳቸው ተምረው የተጎዱ ቅዱሳት መጻሕፍትን ጠግነዋል። ወደ ሙዚየሙ የገባ ጎብኚ በብዛት ዓይኑ የሚያርፈው በእጅ ጽሑፎቹና በሰይፎቹ ላይ ነው፤ እኔ ግን በጣም የምሳሳው ለድምፅ ቅጂዎቹ ነው። የእጅ ጽሑፍ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ መቶ ዓመታትን ይሻገራል። የካሴት ክር ግን በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ይላላል፣ ይጣበቃል፣ ማጫወቻውም ከገበያ ይጠፋል።

ካሴትን ወደ ዲጂታል መቀየር ረጅም ጊዜ የሚወስድ፣ ነገር ግን ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመቅዳት አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። መቶ ካሴት መቶ ሰዓት ነው፤ ይህም ለአንድ ሰው የአንድ ወር ያህል ሥራ ቢሆን ነው። በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ስቴሪዮ ቢቀዳ በሰዓት አንድ ጊጋ ባይት ገደማ ይይዛል፤ መቶው ካሴት ተደምሮ 104 ጊጋ ባይት ያህል ቢሆን ነውና በኪስ በሚገባ ዲስክ ላይ ይሰፍራል። በሁለቱ ከተሞች በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ያሉ የሠርግ፣ የመውሊድና የሙዚቃ ካሴቶች ስንት እንደሆኑ የቆጠረ ባይኖርም፣ እናቱ ቤት አንድ ካርቶን የሌለው ጎልማሳ አላጋጠመኝም።

ድሬዳዋ በዚህ ረገድ ከሐረር ያነሰ ሀብት የላትም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አፍረን ቀሎ የተባለው የሙዚቃ ቡድን የተነሣው በዚህች ከተማ ነው። ከቡድኑ የወጣውና ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያረፈው አሊ ቢራ የድሬዳዋ ልጅ ነበር፤ በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በአማርኛና በዐረብኛም ዘፍኗል። ይህ የግለሰቡ ተሰጥኦ ብቻ ሳይሆን የከተማዋም ጠባይ ነው፤ ከከዚራ ሰፈር መጋላ፣ ከመጋላ ቀፊራ ገበያ እስኪደረስ ድረስ ሰው ሦስት ቋንቋ ይለዋውጣል። በበይነ መረብ የሚዘጋጅ የድሬዳዋ የባህል ምሽት ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ቋንቋ ተጀምሮ በዚያው ያልቃል። አንድ ምስል ሦስት የተለያዩ የማብራሪያ ድምፆች ሊኖሩት እንደሚችል፣ ተመልካቹም የሚመርጠው እንዲሆን ማድረግ ቴክኒኩ ከሚፈቅዳቸው ቀላል ነገሮች አንዱ ነው። አዳራሽ ውስጥ ይህን ማድረግ ከባድ ነበር፤ እዚህ ላይ በይነ መረቡ ከአዳራሹ ይበልጣል።

በይነ መረቡ በአካል ከሚደረግ ጉብኝት የሚበልጥበት ሌላም ቦታ አለ። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለውን ዋሻ ፈረንሳውያኑ «ፖርክ ኤፒክ» ብለው ሰይመውታል፤ ትርጉሙ ጃርት ማለት ነው። ዋሻው እ.ኤ.አ. በ1929 በአንሪ ደ ሞንፍሬድና በቴያር ደ ሻርዳን አማካይነት ለሳይንስ የታወቀ ሲሆን በ1933 ቁፋሮ ተካሂዶበታል። በውስጡ ያሉትም ሆኑ ለገ ኦዳ በተባለው ሌላ ዋሻ ያሉት ሥዕሎች በጊዜ፣ በጭስና በሰው እጅ ደብዝዘዋል። የቆመ ሰው በዓይኑ የማያየውን ቀለም ግን ዲስትሬች የሚባለውን ዓይነት ሶፍትዌር ተጠቅሞ ከአንድ ጥሩ ፎቶግራፍ ላይ አጉልቶ ማውጣት ይቻላል። በድሬዳዋ የሳቢያን ሰፈር ያለ አንድ ተማሪ በክፍሉ ተቀምጦ ከጎብኚው የበለጠ ያያል፤ ግድግዳውም አይነካም። እንዲህ ላለው ቅርስ የበይነ መረብ ጉብኝት መጀመሪያ መመረጥ ያለበት እንጂ ምትክ አይደለም።

በጀጎል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ላይ ግን ሐሳቤ ይለያል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያስገነቡት ግንብ የከበባት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው፣ በ48 ሄክታር ላይ 82 መስጊዶችና 102 ዐዋቾች የያዘችው ከተማ በባለ 360 ዲግሪ ካሜራ ስትቀረጽ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆና ነው የምትወጣው። ቀራጩ ሰው እንዳይገባበት ማለዳ ይመርጣል። ነጭና አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ፣ ጠባብ መንገድ፣ የተዘጋ በር። ጀጎል ግን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የሌለበት የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር፣ ቡና ቆዪዎቹ፣ ከመድረሳ የሚወጡት ልጆች የሌሉበት ጀጎል የግንብ ሞዴል ነው። ትክክለኛ ልኬት ያለው የሌዘር ቀረጻ ለጥገና ሥራ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ አንድ ግድግዳ በክረምት ቢደረመስ እንዴት እንደነበረ ያሳያልና ቢሠራ ደስ ይለኛል። ሆኖም ያን ልኬት ለባህል ጉብኝት አድርጎ ማቅረብ ቤቱን አሳይቶ ሰዎቹን መደበቅ ነው።

ስለ ኔትወርኩ ብዙ አልልም፤ ሁሉም የሚኖረው ነው። ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ አገልግሎቱን ለደንበኞች መሞከር የጀመረው ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ነው፤ ከዚያም ወደ ሐረርና ወደ ሐረማያ አልፏል። አማራጩ መብዛቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ እንዳየነው፣ በዓልን በኔትወርክ ላይ ብቻ ማሳረፍ አደገኛ ነው። መብራትም በሠርግ ማግስት እንደሚጠፋ ሁሉ በሠርግ ዕለት ይጠፋል። ስለዚህ ቅጂው በመጀመሪያ በመቅረጫው ላይ፣ ቀጥሎ በከተማው ውስጥ በሁለት ቦታ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በበይነ መረቡ ላይ መቀመጥ አለበት።

የሚቀረው ጥያቄ ጠባቂው ማን ይሁን የሚለው ነው። ቢሮዎች አሉ፣ ሙዚየሞች አሉ፣ የድሬዳዋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ፤ የየራሳቸው ድርሻ ይኖራቸዋል። እኔ ግን ዓይኔን የምጥለው በአፎቻ ላይ ነው። አፎቻ በሐረሪዎች ዘንድ ለሠርግና ለሐዘን የሚደርስ፣ የወንዶችም የሴቶችም ያለ፣ አባሉን በስም የሚያውቅ ተቋም ነው። ሌላው እድር እንደሚለው ማለት ነው፤ የድሬዳዋ እድሮችም ይህን ሊሠሩ ይችላሉ። አፎቻ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ተራ ማስያዝ ለዘመናት የሠራበት ነው። ሳህንና ምንጣፍ የሚያስቀምጥ ማኅበር ሁለት ሃርድ ዲስክና አንድ ደብተር ማስቀመጥ አይከብደውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ቪዲዮ ላይ ያለችው ሴት ማን እንደሆነች፣ የማን ልጅ እንደሆነች፣ እንድትታይ ትፈቅድ እንደሆነ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው አለው። የትኛውም የውጭ ቤተ መዛግብት ይህ የለውም። ዲያስፖራው በየዓመቱ ለበዓሉ ማስተላለፊያ ከሚያዋጣው ላይ ጥቂቱ ለዚህ ቢመደብ፣ ከአስተላላፊው ወጣት ሌላ አንድ ደብተር የያዘ ወጣት በየዝግጅቱ ቢቀመጥ፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ለሁለቱም ግን ይከፈላቸው፤ ለካሜራው እየከፈልን ለስም መዝጋቢው «በፈቃደኝነት» ስንል የትኛውን እንደምናከብር እያሳየን ነው።

ይህን ያስተማረኝ በድሬዳዋ የሆነ አንድ ነገር ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ሲደርስ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ታሪኳ የባቡር ታሪክ ነው፤ የድሮው መሥመር ከጅቡቲ አዲስ አበባ በ1917 ገብቷል፤ ሰነዱና ፎቶው አብዛኛው በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው። አንድ ቀን ከዚራ ውስጥ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ በባቡሩ የጥገና ወርክሾፕ ቶርኖ ማሽን ላይ ዕድሜያቸውን ከጨረሱ ጡረተኛ ጋር ቡና ይዘን በስልኬ ከአንድ የውጭ ድረ ገጽ ያገኘሁትን የድሮ ፎቶግራፍ አሳየኋቸው። ሰባት ሰዎች ከአንድ ሎኮሞቲቭ ፊት ቆመዋል። ከሥሩ በፈረንሳይኛ «ሠራተኞች፣ ድሬዳዋ» ይላል።

ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙት፤ ምስሉን በጣቴ አሰፋሁላቸው። «ጋሼ፣ የሚያውቁት አለ?» አልኩ። መልስ ሳይሰጡ ከግራ ጀምረው ስም መጥራት ጀመሩ። አንዱ የሶማሌ ልጅ፣ ፈረንሳይኛው ከፈረንጁ የሚበልጥ። አንዱ ከገንደ ቆሬ፣ ኳስ ተጫዋች የነበረ። ሦስተኛው ያስተማራቸው ሰው ነው፤ ስሙን ሁለት ጊዜ ጠሩት። አራተኛውን ጠርተው ትንሽ ዝም አሉ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ የሚስቱን ስም፣ የቤቱን በር ቀለም፣ ልጁ የት እንደተማረ ነገሩኝ፤ የራሱ ስም ግን አልመጣላቸውም። «አቦ፣ አሁን ምላሴ ላይ ነበር» አሉና ስልኩን መለሱልኝ። አራቱን ስሞች በወረቀት ጽፌ በዚያው ሳምንት በድረ ገጹ አድራሻ ላክሁ። ፎቶግራፉ ዛሬም «ሠራተኞች፣ ድሬዳዋ» ይላል፤ ወረቀቱ እኔ ዘንድ አለ፣ የአምስተኛው ሰው መሥመር ባዶ ነው።